ርካሹ ኖይዝ ካንስሊንግ ኢርበዴ ከ11 ወር በኋላ

ይህን ኢርበድ (ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ) ስገዛ ያየሁት አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «እስከ 50 ዲሲቤል ጫጫታ ይቀንሳል» ይላል፤ ዲሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው። አጠገቡ የነበረው ሌላ ብራንድ 42 ነበር የሚለው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለነበር ብዙ ሳላመነታ ባለ 50ውን አነሳሁ። ስማቸው ከገነነው ኢርበዶች በብዙ እጥፍ የሚረክስ ዕቃ እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞ ሲመጣ ያጓጓል።

አሁን 11 ወር ሞልቶታል። ጠዋትና ማታ አውቶቡስ ውስጥ፣ መሃል ላይ ደግሞ ሥራዬ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ ይውላል። ሥራዬ የተቀዳ ንግግር እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። አንዲት ቃል ካመለጠችኝ ወደኋላ መልሼ እንደገና መስማት አለብኝ፤ በቀን አርባ ሃምሳ ጊዜ ሲሆን ጊዜም ጉልበትም ይበላል። ጫጫታ መቀነሱ ለእኔ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አሳዘኑኝ። የአውቶቡሱ ሞተር ትንሽ ዝቅ አለ እንጂ ያው እያጉረመረመ ነበር። ሙዚቃውም ባስ የለውም፤ ቀጭን ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያኔ ሳልመርጠው የቀረሁትን ባለ 42 ይዞ ነበርና ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የኢርበዱን ጎማ በአዲስ ቀይሮ ለአንድ ቀን አዋሰኝ። በዚያው አውቶቡስ ሄድኩ። ገና ስከፍተው የሞተሩ ድምፅ ከወፍራም በር ጀርባ የገባ ያህል ራቀ። የኔ ፋብሪካው ያበላሸው ነው ብዬ ልመልሰው ካርቶኑን አወጣሁ፤ ከካርቶኑ ጋር ሳልከፍታት የከረመች ትንሽ ከረጢት ወጣች። ውስጧ ትንሹና ትልቁ ጎማ ነበሩ። ስገዛው ተገጥሞ የመጣው መካከለኛው ነው፤ እኔም እሱን እንደያዝኩ ነበር። በግራ ጆሮዬ ትልቁን ብሞክር ኢርበዱ ጭጭ ብሎ ተቀመጠ፣ ባሱም መጣ፣ ሞተሩም ጠፋ። ቀኙ መካከለኛው ይበቃዋል። የሁለት ጆሮ ስፋት የተለያየ መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኔ ግን እስከዚያን ቀን አስቤው አላውቅም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይጠቅማል። ከውጭ በኩል ያለው ማይክ ጫጫታውን ይሰማል፤ ቺፑ የዚያኑ ሞገድ ተቃራኒ ሠርቶ በስፒከሩ ይለቃል፤ የአንዱ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር ሲገጥም ይጣፋሉ። ሻል ያሉት ወደ ጆሮ ቦይ የዞረ ሁለተኛ ማይክ አላቸው፤ እሱ ደግሞ የተረፈውን ሰምቶ ያርማል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ፖል ሉግ የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ባለሙያ የአሜሪካ ፓተንት ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1936 ነበር። የቦዝ ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 አውሮፕላን ውስጥ የተሰጠው ማዳመጫ በሞተሩ ድምፅ ቢዋጥበት እዚያው ወንበሩ ላይ ስሌቱን እንደጀመረ ይነገራል፤ ኩባንያው ለአብራሪዎች የሚሸጥ ማዳመጫ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ስለዚህ ይህ ነገር ከጥንቱም የተሠራው ለማያቋርጥ ወፍራም ጉርምርምታ ነው። 100 ኸርዝ ያለው የሞተር ድምፅ ሞገዱ ወደ 3.4 ሜትር ይረዝማል፤ ቺፑ ሊከተለው ጊዜ አለው። 5,000 ኸርዝ ላይ ያለ ሹል ድምፅ ግን ሞገዱ 7 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ ላይ ተቃራኒው ሞገድ ጥቂት ከዘገየ ጫጫታውን በማጥፋት ፈንታ ያግዘዋል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለገዢ ትልቅ ነው። የጎረቤት ወሬ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የኪቦርድ ኳኳታ በአብዛኛው የሚቀንሱት በጎማው መዝጋት ነው እንጂ በቺፑ አይደለም። ቺፑ የሚያጠፋው ወፍራም ድምፅ ደግሞ በትንሽ ክፍተት ሰተት ብሎ ይገባል፤ ቺፑ የሚልከው ተቃራኒ ሞገድም በዚያው ክፍተት ያመልጣል። ጎማው ካልዘጋ ሁለቱም ይከስራሉ። የኔ 50 ዲሲቤል በ42ቱ የተሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው።

መዝጋቱን እንዲህ ነው የማጣራው፦ ቬንቲሌተር ወይም ሌላ የማያቋርጥ ድምፅ አጠገብ ሆኜ ኖይዝ ካንስሌሽኑን እከፍታለሁ፤ ከዚያ ኢርበዱን በጣቴ ቀስ አድርጌ ወደ ውስጥ ጫን እላለሁ። ድምፁ ይበልጥ ከቀነሰ ጎማው አልዘጋም ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ተስማምቷል። አፍ ከፍቶ እየዘጉ መሞከርም ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ጎማ አገጭ ሲንቀሳቀስ ይለቃል።

ካርቶኑ ላይ ያለው ዲሲቤልስ? ውሸት አይደለም፤ «እስከ» የምትለው ቃል ናት መነበብ ያለባት። ቁጥሩ ኢርበዱ በጣም በሚጎብዝበት በአንድ የድምፅ ክልል የተመዘገበ ከፍተኛው ልክ ነው፤ በሌላው ክልል ከዚያ ብዙ ያንሳል። በግምት 10 ዲሲቤል ሲቀንስ ለጆሯችን ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ይመስላል፤ ስለዚህ በ42 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ አይደለም። ግን ያ ልዩነት በየድምፁ ላይ እኩል የሚደርስ አይደለም።

ሌላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ርካሽ ካርቶኖች ላይ ኢ.ኤን.ሲ. የሚል ይጻፋል፤ ኤ.ኤን.ሲ. (አክቲቭ ኖይዝ ካንስሌሽን፣ እስካሁን ያወራሁት ጫጫታ ማጥፊያ) ይመስላል፤ አይደለም። ኢ.ኤን.ሲ. ስልክ ስትደውሉ ከማይካችሁ ዙሪያ ያለውን ጫጫታ ለተጠሪው የሚቀንስ ነው፤ እናንተ የምትሰሙት ላይ ለውጥ አያመጣም። ጆሮዬ ዝም ይበልልኝ ብሎ የሚገዛ ሰው ካርቶኑ ላይ ኤ.ኤን.ሲ. ወይም «አክቲቭ» የሚለውን ቃል ይፈልግ። እህቴ በዚህ ተሳስታ ገዝታ ጫጫታ ማጥፊያው የት እንደሚከፈት አንድ ምሽት ሙሉ ስትፈልግ አመሸች። የላትም ነበር።

የኔው ሁለቱም አለው፤ የስልኩ ግን መካከለኛ ነው። ቤት ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል። ውጭ ንፋስ ካለ ድምፄ ይቆራረጣል፤ ወንድሜ ሁለት ጊዜ «ስትደርስ ደውልልኝ» ብሎ ዘግቶታል። ንፋስ ራሱ ለኤ.ኤን.ሲ.ም ጠላት ነው። ማይኩን እየመታ ጆሮ ውስጥ እንደ ጨርቅ መርገብገብ ይሰማል፤ በነፋሻ ቀን ስራመድ አጠፋዋለሁ።

አሁን ወደ አምስተኛው ወር ልመለስ፤ ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው። የግራው ኢርበድ ቀስ በቀስ ደከመ። መጀመሪያ ድምፁ ከቀኙ ዝቅ አለ፣ ከዚያ የሞተሩ ጉርምርምታ በግራ በኩል ተመለሰ፣ በመጨረሻም ኤ.ኤን.ሲ.ውን ስከፍት እሽሽ የሚል ነገር ይሰማኝ ጀመር። ርካሽ ዕቃ አምስት ወር ይበቃዋል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አፑን አፕዴት አደረግኩ፣ ከስልኩ አጥፍቼ እንደገና አገናኘሁ፣ ፋብሪካው እንዳወጣው መለስኩት። አልረዳም። አንድ ቀን ጎማውን ነቅዬ ብርሃን ላይ ሳየው በኢርበዱ አፍ ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ወንፊት ግማሿ በጆሮ ኩክ ተደፍናለች።

ወንፊቷ ስትደፈን ሁለት ነገር ነው የሚበላሸው፤ የስፒከሩ ድምፅ ይታፈናል፣ ከኋላዋ ያለው የውስጥ ማይክም የሚሰማውን በትክክል አይሰማም። ቺፑ በተሳሳተ መረጃ ሲያርም ጫጫታው ይመለሳል። ወንፊቷን ወደ መሬት አዙሬ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልኩ ጠረግኳት። ወደ ታች መዞሩ አስፈላጊ ነው፤ ያለዚያ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። ውኃም አልኮልም አላስነካኋትም፤ በመርፌ መውጋትም ወንፊቷን መብሳት ነው። ጎማውን ብቻ ነቅዬ በሳሙና አጥቤ በደንብ ካደረቅሁ በኋላ መለስኩት። ግራው ያንኑ ቀን እንደ መጀመሪያው ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ እጠርጋለሁ፤ ከፋ ያለ ድካም አላየሁበትም። ኢርበዳቸው «ሞቷል» ብለው መሳቢያ ውስጥ የጣሉ ሰዎችን ባገኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ወንፊቷን አይተዋት እንደሆነ ነው።

ስምንተኛው ወር ላይ ቀኙ ቻርጅ አልገባ አለ። ኬዙ ውስጥ ካሉት የብረት ነጥቦች ላይ ከላብ የመጣ ቆሻሻ ተጋግሮ ነበር፤ አልኮል በትንሹ በነካ የጆሮ ጥጥ አብሼ ሲደርቅ ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ልብሴ ላይ ሳልጠርግ ኬዝ ውስጥ አልከታቸውም።

የሲሊኮን ጎማዎቹ በሰባተኛው ወር ላልተው ነበርና የፎም ጎማ ገዛሁ። ጣት ሲጨምቀው የሚቀጥነውና ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚያብጠው ነው። የሰውን ወሬ በመቀነስ ከሲሊኮኑ በግልጽ ይበልጣል። ግን ሁለት ነገር አስተውሉ፦ የኢርበዱ አፍ ክብ ነው ወይስ ሞላላ የሚለውን ለዩ፤ የጎማውን ቁመትም እዩ። የመጀመሪያው የገዛሁት ረዝሞ የኬዙ ክዳን አልገጥም አለ፤ ኢርበዶቹም ቻርጅ ሳያደርጉ አደሩ።

ባትሪው አዲስ ሳለ ኤ.ኤን.ሲ. ተከፍቶ ስድስት ሰዓት ገደማ ይሄድ ነበር። ዛሬ ግራው አምስት ሰዓት፣ ቀኙ አራት ተኩል። ቀኙ የቀደመው ስልክ የማነጋግረው ብዙ ጊዜ በእሱ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል። እንዲህ ያለች ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ከጥቂት መቶ ሙሉ ቻርጆች በኋላ መድከሟ ያለ ነው፤ ሊቀየርም አይችልም፤ ቅርፊቱ በሙጫ የታሸገ ነው። የማዝነው በዚህ ነው። ሌላው አካሉ ሁሉ ደህና ሆኖ በአንዲት ባትሪ ምክንያት ሙሉው ዕቃ ይጣላል። አንዱን ጆሮ እያፈራረቁ መጠቀምና ኬዙን ፀሐይ ላይ አለመተው ዕድሜውን ያረዝማል።

ስለ ኮዴክ፣ ማለትም ድምፁ ከስልኩ ወደ ኢርበዱ ለመላክ ስለሚታመቅበት ዘዴ፣ ብዙ አልልም። ካርቶኑ ኤልዳክ አለው ይላል፤ እስከ 990 ኪሎቢት በሰከንድ የሚያሳልፍ ነው፤ ተራው ኤስ.ቢ.ሲ. 328 አካባቢ ላይ ይቆማል። ጸጥ ባለ ክፍል በጥሩ ቅጂ ልዩነቱ ይሰማኛል። አውቶቡስ ውስጥ አይሰማኝም፤ ባትሪውን ግን ይበላል፤ በኔው ላይ ደግሞ ሲከፈት ሁለት ስልክ ባንድ ጊዜ ማገናኘት አይቻልም። አጥፍቼዋለሁ። አይፎን ያለው ሰውማ ከነጭራሹ አይጠቀምበትም። አይ.ፒ.ኤክስ. 4 የሚለው የውኃ መከላከያ ደረጃ ላብና ካፊያ ይችላል ማለት ነው፤ ገላ መታጠቢያ ቤት ይዞ መግባት አይደለም፤ ኬዙ ደግሞ ይህም የለውም።

ትልቁን ጥቅም ያገኘሁት ከጠበቅሁት ቦታ አልነበረም። በድሮው ተራ ኢርፎኔ አውቶቡስ ውስጥ ድምፁን ወደ 85 በመቶ ከፍ አደርግ ነበር፤ አሁን 50 ይበቃኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዲሲቤል ነው፤ ድምፁ በ3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። እኔ ቀኑን ሙሉ በጆሮዬ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ማታ ማታ ይሰማኝ የነበረው ጭው የሚል ድምፅ ከቀረ ወራት ሆኖታል። መንገድ ሳቋርጥ ግን የውጭ ድምፅ ማስገቢያውን እከፍታለሁ፤ በዚህ ዋጋ ይህ ሁነታ ትንሽ የቆርቆሮ ድምፅ አለው፤ መኪና መምጣቱን ግን በደንብ ያሰማል።

ዛሬ ዛሬ ሰው ምከረኝ ሲለኝ የዲሲቤሉን ቁጥር አልጠይቅም። ስንት መጠን ጎማ አብሮት አለው፣ የአፉ ቅርጽ ሌላ ጎማ የሚገኝለት ነው ወይ፣ የውስጥ ማይክ አለው ወይ፣ ካልተስማማ የመመለሻ ጊዜው ስንት ቀን ነው፤ እነዚህን ነው። የኔን አሁን ቢጠፋ መልሼ እገዛዋለሁ ወይ ለሚለው፣ የባልደረባዬን ባለ 42 ነው የምገዛው፤ ከኔ ጆሮ ጋር ይበልጥ ይስማማልና። ለጊዜው ግን ሁለተኛው ጥንድ ፎም ጎማ ገና አልተከፈተም፤ ቀኙ ከሦስት ሰዓት በታች እስኪወርድ ድረስ ከዚሁ ጋር ነኝ።