ለኤሲ ሠሪያችን ምስጋና፣ አሮጌ መኪና ለያዛችሁ ድሬዎች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ድሬዎች። ነገሩ ስለ መኪና ኤሲ ነው፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። በዚህ ሙቀት መስኮት ከፍታችሁ ላባችሁን እየጠረጋችሁ የምትነዱ ካላችሁ ግን አንብቡት።

መኪናዬ ኮሮላ ናት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1992 ሥሪት። ሳቢያን አካባቢ ያላችሁ ሳታውቋት አትቀሩም፣ የቀኝ በሯ ቀለም ከሌላው አካሏ ጋር አይገጥምም። እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ ለክትትል ድል ጮራ የማመላልሳት እኔ ነኝ። የግንቦትን ቀትር ለድሬ ሰው አላስረዳም። ባለፈው ዓመት ከሆስፒታል ስንመለስ እናቴ ነጠላዋን በሃይላንድ ውሃ አርሳ ራሷ ላይ ጣል አደረገችና "ልጄ፣ ይቺ መኪናህ ምጣድ ሆናለች" አለችኝ። ኤሲው ሞቶ ነበር።

የሞተው ግን በአንድ ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት አንድ ጋራዥ (ስሙን አልጠራም፣ ነገር አልፈልግም) ሦስት ጊዜ ጋዝ ሞልቶልኛል። ይሞላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይለናል፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ተመልሶ ሙቅ አየር። በሦስተኛው ዙር አሸዋ ገበያ አጠገብ መንገድ ተዘጋግቶ ቆሜ ሳለሁ ከኮፈኑ ሥር ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ወጣ፣ ቺንጋው ጨሰ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ጋራዡ አይቶት "ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረው ዕቃ) ተጣብቋል፣ አይዞርም፤ ሙሉ ሲስተሙ በአዲስ መቀየር አለበት" ብሎ 95 ሺህ ብር ጠራልኝ። ልሽጣት አልኩ። ግን ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሎ፣ ሸጬስ ምን ልገዛ? ያለችውን ማስታመም ነው እንጂ።

ኤሲዬን የሠራልኝን ሰውዬ የጠቆመኝ የሰፈራችን ሥጋ ቤት ነው፤ የሥጋ ማቀዝቀዣውን የሚጠግንለት እሱ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ግን በድሬ ደንብ "አንተ" እያልኩ ነው የምጽፈው፤ እርስዎ ቢሉት የሚደነግጥ ዓይነት ሰው ነው። ሥራውን የተማረው ጂቡቲ ነው። "እዚያ ኤሲ የሌለው መኪና፣ መኪና አይባልም" ይላል።

መጀመሪያ ቀን ስሄድ አንድም መሣሪያ አልነካም። ኮፈኑን ከፈተ፤ አቧራ የለበሰች ስቲከር በአውራ ጣቱ ጠርጎ "አንብብልኝ" አለኝ። አር 12 ይላል።

"ምን ጋዝ ነበር የሞሉልህ?"

"አር 134።"

"ዘይቱንስ ቀይረውልሃል?"

"የምን ዘይት?"

"አቦ! ኮምፕሬሰርህን የገደለው ይሄ ነው በቃ።"

ነገሩን ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ፣ እኔም እንደገባኝ ላስረዳችሁ። የድሮ መኪኖች ኤሲ የተሠራው ለአር 12 ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1987) ምክንያት ምርቱ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ፤ ዛሬ ገበያ ላይ የምታገኙት አር 134 ነው። መቀየር ይቻላል፣ ችግር የለውም። ችግሩ ዘይቱ ላይ ነው። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት በየቱቦው የሚዞረው ከጋዙ ጋር ተዋህዶ ነው። የድሮው ዘይት ደግሞ ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድም፤ አንዱ ጥግ ሄዶ ይተኛል፣ ኮምፕሬሰሩም በደረቁ ይፈጫል። "ሽንኩርት ያለ ዘይት ብታቁላላ ምን ይሆናል? ያራል!" አለኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት "ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚቁላላው፣ ሰውየው ወጥ አያውቅም" ብላ ተከራከረችኝ። ኤሲ ግን ያውቃል።

ቀጥሎ ደግሞ ጋዙ በየሁለት ወሩ የት እንደሚሄድ ፈለገ። ናይትሮጂን ሞልቶ በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባ። አንዱ ቱቦ ጋ ስንደርስ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ፈታው፤ የጣት ቀለበት የምታህል ጎሚኒ፣ ደርቃ ሁለት ቦታ ተሰንጥቃለች። ሦስት ጊዜ ጋዝ የከፈልኩት ለእሷ ነው።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባ። የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ፈትቶ በነጭ ጨርቅ ውስጡን ሲጠርገው ኩል የመሰለ ጥቁር ነገር ይዞ ወጣ፤ ፀሐይ ላይ ሲያዩት ብልጭ ብልጭ ይላል። የተፈጨ ብረት ነው። "ይሄን ሳላጸዳ ሌላ ኮምፕሬሰር ብገጥምልህ በወሩ ትመጣለህ" አለኝ። ቱቦዎቹን አጠበ፤ ኮንዴንሰሩ (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያወጣው) ግን ብረቱን ጠጥቶት ስለነበር ይቀየር አለ። ድራየሩም እንዲሁ፤ እርጥበት የሚመጥ ዕቃ ስለሆነ ሲስተሙ አንዴ ከተከፈተ አይመለስም። ጋዙን መጥኖ የሚያሳልፈውን ኤክስፓንሽን ቫልቭና ጎሚኒዎቹን በሙሉ ቀየረ።

አሁን ይህን ጽሁፍ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። ክሩስኮቱን (ዳሽቦርዱን) ፈትቶ ከኋላው ኢቫፖሬተሩን፣ ማለት አየሩን የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ፣ አወጣው። ያኛው ጋራዥ 95 ሺህ ሲል እሱንም ጨምሮ ነበር፣ እኔም ለመክፈል ልቤን አዘጋጅቻለሁ። ሳየውማ የሚጣል ነው የሚመስለው፤ የሠላሳ ዓመት አቧራና የኒም ቅጠል ተጋግሮበት አሮጌ ብርድ ልብስ መስሏል። አየሩ በየት ይለፍ! ሰውየው ቅጠሉን አንድ በአንድ በጣቱ ለቀመ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ አጠበው፣ ከዚያ ናይትሮጂን ሞልቶ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ነከረው። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። አንድ አረፋ የለም። "ይሄ ደህና ነው፤ ብርህን ለምን ታቃጥላለህ?" ብሎ መልሶ ገጠመው። "ይቀየር" ቢለኝ ኖሮ እኮ አልጠይቀውም ነበር፤ ከፍዬ እሄድ ነበር።

ኮምፕሬሰሩ ያገለገለ ነው፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ መጣ። የመጀመሪያው ሲመጣ ዘይቱን ብርጭቆ ላይ ገልብጦ አየው፤ ጥቁር ነው። "ይሄም ታሞ የሞተ ነው" ብሎ መለሰው። ሁለተኛው ንጹህ ነበር፣ ፑሊውንም በእጁ ሲያዞረው ያለ መንገራገጭ ዞረ። በዚህ መሐል አራት ቀን ሄደ።

ጋዝ ከመሙላቱ በፊት በቫኪዩም ፓምፕ 45 ደቂቃ አየሩን ሳበ፣ ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) ዘጋና "በል ምሳህን ብላ" ብሎ አሰናበተኝ። ድሬ ቀትር ላይ ይተኛል እንጂ አይሠራም፣ ታውቃላችሁ። አሥር ሰዓት ላይ ስንመለስ የጌጁ ቀስት ከነበረበት አልተነቃነቀም። ያኔ ነው አዲሱን ዘይት ለክቶ፣ ጋዙን ሚዛን ላይ አስቀምጦ የሞላው፤ ያውም ስቲከሩ ላይ ካለው ልክ አሳንሶ፣ 85 በመቶ ያህል፤ አር 134 በድሮ ሲስተም እኩል አይሞላም። ቴርሞሜትር አየር ማውጫው ላይ ሰካ። ውጭው 36፣ የሚወጣው አየር 8።

ዕቃውም እጁም ተደምሮ 51 ሺህ ብር ጨረስኩ፤ ከዚህ ውስጥ የእጁ 9 ሺህ ነው። የዕቃዎቹን ደረሰኝ ሰጠኝ፣ የተቀየሩትንም በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ሻንጣ ውስጥ አስቀመጠልኝ።

ጉድለቱን ደግሞ ልናገር፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ሁለት ቀን ብሎኝ ስምንት ቀን ፈጅቷል። ስልክ አያነሳም። መቀመጫ የለውም፣ ዛፍ ሥር ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት። ዓርብ ከሰዓት አይሠራም። "ዝም ብለህ ጋዝ ብቻ ሙላልኝ" ካላችሁትም ሌላ ቦታ ሂዱ ይላችኋል፤ እኔ ባለሁበት አንድ ሰውዬ ተቆጥቶ ሄዷል።

ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ስወጣ ኤሲውን እንዳጠፋው አስጠንቅቆኛል፤ ኮንዴንሰሩ ራዲያተሩ ፊት ስለሆነ አሮጌ ሞተር ዳገት ላይ ይሞቃል። ሐረር ሁለቴ ወጥቼ ወርጃለሁ፣ ምክሩን ሰምቼ በሰላም። ሥራው ካለቀ በሦስተኛው ወር ያ ስልክ የማያነሳ ሰው ራሱ ደውሎ "ቅዝቃዜው እንዴት ነው?" አለኝ። እናቴ ስልኩን ተቀብላ መረቀችው። ባለፈው ሳምንት ወደ ክትትል ስንሄድ ነጠላዋን እስከ አንገቷ ተከናንባ "ቀንስልኝ፣ ልታሳምመኝ ነው" እያለችኝ ነበር።

ስልኩን አደባባይ ላይ እንዳልለጥፍ ለምኖኛል፤ ወረፋ አልወድም ነው የሚለው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እጠቁማችኋለሁ። ስትሄዱ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ኮፈኑ ሥር ያለችውን ስቲከር ደግሞ አደራ፣ መኪና ስታሳጥቡ እንዳትላጥባችሁ።