በጠረጴዛ ላይ የቀረ ነጭ የውሃ ክብ፦ ካውያ ወይስ ቫዝሊን?

የዋንዛ ጠረጴዛችን ላይ የተቀመጠ ትኩስ የሻይ ብርጭቆ ነጭ ክብ ትቶ ተነሳ። ነጭ ከሆነ አይዟችሁ፤ እርጥበቱ የተያዘው ቫርኒሹ ውስጥ ነው። ጥቁር ከሆነ ግን ውሃው እንጨቱ ድረስ ዘልቋል። ያኔ ካውያውም ቫዝሊኑም አይሠሩም፤ ለአናጺ ማሳየት ነው።

ቫዝሊን ቀላሉ ነው። ማታ ወፈር አድርጎ መቀባት፣ ጠዋት በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ። ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የቆየ ክብ ላይም ብዙ ለውጥ አያመጣም።

እኔ የማደላው ለካውያ ነው። መጀመሪያ ካውያው ውስጥ ያለውን ውሃ ድፉት፤ እንፋሎት ነገሩን ያባብሰዋል። ሙቀቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጉ። ንጹሕና ደረቅ የጥጥ ጨርቅ አንጥፉ፣ ለ5 ሰከንድ ያህል አስነክታችሁ አንሱ፣ ገልጣችሁ እዩ። የኛ ክብ መጀመሪያ ጠርዙ ሳሳ፣ ከዚያ መሐሉ። ስድስተኛው ላይ ድራሹ ጠፋ። ደስ ሲል! ደጋግሙት እንጂ አታቆዩት፤ ቫርኒሹ ከለሰለሰ ጨርቁ ይጣበቅና ሌላ ጣጣ ይመጣል። ጽሑፍ የታተመበት ጨርቅም አይሁን፣ ቀለሙ ይለቃል።

ቫርኒሹ የሳሳ ወይም ያረጀ ዕቃ ከሆነ ግን ከቫዝሊኑ ጀምሩ።