የክንድ ጥብጣብ ወይስ ቢኤምአይ?

መንዝ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑን ግራ ክንድ ከጋቢው ታወጣና በትከሻና በክርኑ መካከል ጥብጣቧን ትጠመጥማለች። አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች (ቀይ) ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ከዚያ በላይ ሆኖ 12.5 ካልሞላ (ቢጫ) መካከለኛ። ሚዛን አያስፈልግ፣ ስሌት አያስፈልግ። ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ሕፃን እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ትምህርት ቤት ለገባ ልጅ ግን ቢኤምአይ፣ ማለትም ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር፣ ይሻላል፦ ኪሎው በሜትር በተለካው ቁመት ስኩዌር (ቁመት ሲባዛ በቁመት) ይካፈላል። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁመቱ 1.20 ሜትር የሆነ የ8 ዓመት ልጅ 13.9 ይወጣለታል። አዋቂ ከ18.5 በታች ከሆነ ከሲታ ስለሚባል እናት ቁጥሩን አይታ ትደነግጣለች። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድሜና የፆታ ሰንጠረዥ ግን ልጁ ደህና ነው። እባካችሁ፣ ስልክ ላይ ያለውን የአዋቂ ማስያ ለልጅ አትጠቀሙ!

ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ጥብጣቡ አይነግረንም፤ ቢኤምአይ ስብን ከጡንቻ ባይለይም ይጠቁማል። መቀንጨርን፣ ማለትም ለዕድሜ ማጠርን፣ ሁለቱም ያልፉታል፤ ለእሱ ቁመትን ከዕድሜ ጋር ማየት ግድ ነው።

በምግብ እጥረት የሚመጣ እብጠትም ሁለቱንም ያታልላል። የሕፃኑን ሁለት እግሮች በአውራ ጣት 3 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ስትለቁ ጉድጓዱ ከቀረ፣ ጥብጣቡ አረንጓዴ ቢያሳይም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።