ለደራሲ የቱ ይሻላል፦ የነቃ ህልም ወይስ የቀትር ሸለብታ?

ድሬዳዋ ላይ የቀትር ሙቀት ሰውን ወደ ቤት ይሰደዋል። ለሚጽፍ ሰው ይህች ሰዓት ወርቅ ናት።

በነቃ ህልም፣ ማለትም እያለሙ መሆኑን አውቀው በሚያልሙት፣ ገጸ ባህሪን ማነጋገር ይቻላል። በከዚራ ዛፎች ጥላ ስር አቁመው “ለምን ሸሸህ?” ቢሉት ይመልሳል። ለምልልስ የሚያህለው የለም! ግን ልምምድ ይጠይቃል። በብዛት የሚመጣውም ወደ ንጋት ነው፤ ለእሱ ብሎ እንቅልፍ መቁረጥ ቀኑን ያበላሻል።

ሸለብታ ቀላል ነው። ማንኪያ ይዞ ወንበር ላይ ደገፍ ማለት ነው፤ እንቅልፍ ሲወስድ ማንኪያው ወድቆ ይቀሰቅሳል። ፓሪስ ውስጥ ተሠርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ሸለብ ካደረጋቸው ሰዎች 83 በመቶው የተሰጣቸውን የሂሳብ ጥያቄ ስውር አቋራጭ አገኙ። ነቅተው ከቆዩት 30 በመቶው፣ እንቅልፍ ከጠለቃቸው ደግሞ 14 በመቶው ብቻ። ስለዚህ ሴራው ሲቋጠርብኝ ሸለብታን እመርጣለሁ፤ የነቃ ህልምን ለቅዳሜ ሌሊት አቆየዋለሁ።