የጥር ሰርጋችንን የደገስንበት አዳራሽ በሙሽራው ዓይን

ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ፣ 450 እድምተኞች ጠርተን ሰርጋችንን የደገስነው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኝ አንድ አዳራሽ ነው። ሙሽሪት በሥራዋ ምክንያት ከከተማ ውጭ ስለነበረች አዳራሽ የመፈለጉ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ፤ በሰኔና በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ዘጠኝ አዳራሾችን ዞሬ ካየሁ በኋላ ይህንኑ መርጬ፣ ከውሉ ፊርማ እስከ መጨረሻው ሒሳብ ድረስ ራሴ ተከታትዬዋለሁ። ስሙን ያልጠራሁት፣ ከዚህ በታች የምገልጸውን ጉድለት አከራይዋ ወይዘሮ አምነው ሒሳቡን ስላስተካከሉልኝ ነው።

በመጀመሪያ ያስቸገረን ቀን መቁረጡ ነበር። በ2018 ዓ.ም. ጥምቀት ሰኞ ጥር 11 ውሎ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ስለገባ፣ በመካከሉ የነበሩት እሑዶች አራት ብቻ ናቸው። ጥር 24ን ብንይዝ በማግስቱ ጾመ ነነዌ ስለሚገባ መልሱ ጾም ላይ ይወድቅብናል፤ የካቲት 8 ደግሞ የጾሙ ዋዜማ ስለሆነ ሰው ሁሉ በየቤቱ ቅበላ ላይ ነው። የቀሩት ጥር 17 እና የካቲት 1 ሲሆኑ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች በጥር 17 ተስማሙ። የዐቢይ ጾም መግቢያ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ከዓመት ዓመት ስለሚዘዋወር፣ ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ሙሽሮች ሁሉ በጥቂት ቀናት ላይ ይረባረባሉ፤ ሰባት ወር ቀድሜ ስጠይቅ እንኳ ከዘጠኙ አዳራሾች በአምስቱ ቀኑ ተይዞ ነበር።

ከቀሩት አራቱ ሁለቱ ያሉት በሕንፃ አምስተኛና ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንደኛው እጅግ ያማረ፣ ጣሪያው በመብራት የተንቆጠቆጠ ነበር፤ ነገር ግን አሳንሰሩ የሚይዘው ስድስት ሰው ብቻ ነው። አያቴ በጉልበት ሕመም ምክንያት ሦስት ደረጃ ለመውጣት እንኳ የሰው ትከሻ የምትፈልግ ሴት ናት፤ የእሷ እኩዮች የሆኑ እድምተኞችም ከሠላሳ አያንሱም። እነዚህ ሁሉ ቆመው አሳንሰር ሲጠብቁ በዓይኔ ስለታየኝ ከዚያ አዳራሽ ወጣሁ። ሦስተኛው በምሰሶዎቹ ብዛት ምክንያት ከአዳራሹ ሲሶ ያህሉ መድረኩን የማያይ ነበር። የመረጥሁት አዳራሽ ምድር ላይ ያለ፣ ምሰሶ የሌለው፣ መኪና እስከ በሩ ድረስ የሚቀርብለት ነው። ዲኮሩ ከሌሎቹ ያነሰ ቢሆንም አያቴ ከመኪና ወርዳ አሥር እርምጃ ሳትራመድ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ዲኮር የለም።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። በቃል የሚነገረው የአንድ ሰው ዋጋ በመጨረሻ የሚከፈለው አይደለም። ለምሳሌ በሰው 1,000 ብር ነው ሲባል፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከልበት 1,100 ብር፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመርበት 1,265 ብር ይሆናል፤ ለ450 ሰው ሲሰላ ልዩነቱ 119,250 ብር ነው። ይህ አዳራሽ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ያካተተውን ዋጋ በጽሑፍ ሰጥቶኛል፤ ከዘጠኙ እንዲህ ያደረጉት ሁለት ብቻ መሆናቸውን ሳስብ ምስጋና ይገባዋል። ውሉም ላይ የሰጠሁት ገንዘብ «ቅድመ ክፍያ» ተብሎ እንዳይታለፍ፣ «ቀብድ» ተብሎ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ አከራይዋ ያለ ክርክር ተቀበሉኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ግን እጥፉን እንደሚመልስ ይደነግጋል። በጥር ወር የተሻለ ዋጋ የሚያቀርብ ሌላ ደጋሽ ሊመጣ ስለሚችል፣ ይህች አንዲት ቃል ለሙሽራ ትልቅ ዋስትና ናት።

ሰርግን ሰርግ የሚያሰኘው እንግዳው ሳይጉላላ መብላቱ ነው ብዬ ስለማምን ብዙ የደከምሁት በቡፌው ላይ ነው። የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ በሐምሌ አጋማሽ፣ በደጋሾቹና በአከራይዋ ፈቃድ በዚያው አዳራሽ የሌላ ሰው ሰርግ ላይ ቆሜ ሰልፉን በሰዓት ተከታተልሁ። በአንድ መስመር ላይ እንጀራውን ዘርግቶ፣ ዶሮ ወጡን፣ አልጫውንና ጥብሱን ጨምሮ የሚወጣው ሰው በየሠላሳ ሴኮንዱ አንድ ነበር። ገበታው በግራና በቀኝ ሁለት መስመር ብቻ ካለው፣ 450 ሰው ተስተናግዶ እስኪያበቃ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ አራት መስመር ከሆነ ግን ከአንድ ሰዓት በታች ይበቃል። ስለዚህ ሁለት ገበታ፣ አራት መስመር እንዲሆን በውሉ ላይ አስጻፍሁ። በዕለቱም አዳራሹ ቃሉን ጠበቀ፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ምግቡ ተከፍቶ ስምንት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የመጨረሻው ጠረጴዛ በልቶ ነበር። ሽማግሌዎችና እናቶች ሰልፍ ሳይቆሙ አስተናጋጆች በየወንበራቸው አቅርበውላቸዋል።

ምግቡ እጅ የሚያስቆረጥም ነበር። የዶሮ ወጡ ቁሌት በደንብ የበሰለ፣ ሽንኩርቱ የማይታወቅበት፣ ቅቤው በአግባቡ የተነጠረ ነው። ሥጋ ቆራጩ ሻኛውን ለብቻው ሰቅሎ ለጠየቀ ሁሉ በትዕግሥት ሲቆርጥ አይቻለሁ፤ አዋዜውም ሚጥሚጣውም አላለቀም። ጠጁ ግን ማሩ ያነሰ፣ ስኳሩ የበዛበት ስለነበር ብዙዎቹ ብርጭቋቸውን ሳይጨርሱ ትተውታል፤ ከውጭ ማስገባት የሚፈቀድ ከሆነ ጠጅ ከሚታወቅ ጠጅ ቤት ቢመጣ ይሻላል። መብራት አንድ ጊዜ ጠፍቶ ጄነሬተሩ ወዲያው ተነሣ፤ ድምፅ ማጉያውም እንከን አልነበረበትም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። የአባቴ የአርባ ዓመት ጎረቤት ሙስሊም ናቸው። በልጅነቴ ለዒድ ወደ ቤታቸው ስንጠራ፣ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ በክርስቲያን እጅ የታረደ ሥጋ፣ በተለየ ድስት አሠርተው ነበር የሚያስተናግዱን። እኛም ደስታችንን ስንደግስ ያንኑ ክብር ልንሰጣቸው ይገባ ነበርና፣ ለሠላሳ ሙስሊም እንግዶች በሙስሊም እጅ የታረደ ሥጋ፣ በተለየ ዕቃ ተሠርቶ፣ በተለየ ገበታ እንዲቀርብ በውሉ አስገብቼ ነበር። ምግቡ እንደ ውሉ ተሠርቷል፤ ገበታውም በቦታው ተዘርግቷል። ሕዝቡ በብዛት በተነሣ ጊዜ ግን ጭልፋ አጠረና አንድ አስተናጋጅ ከትልቁ ቡፌ የዶሮ ወጥ ሲቀዳበት የነበረውን ጭልፋ አምጥቶ የእነሱ ወጥ ውስጥ ነከረው። ጎረቤታችን ይህን በዓይናቸው አዩ። ሳህናቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ፤ ለስላሳ ጠጡ፤ ወደ መድረኩ መጥተው መረቁን፤ ሄዱ። አጠገባቸው የነበሩትም ከዚያ በኋላ አልበሉም።

እኔ ይህን የሰማሁት ማክሰኞ፣ በመልሱ ዕለት ነው። እናቴ ወደ ጓዳ ጠርታ «ልጄ፣ ሐጂ እኮ ምንም ሳይቀምሱ ነው የሄዱት» ስትለኝ የያዝሁት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ። አርባ ዓመት ሙሉ የእኛን ጾምና ፍስክ ለይተው ሲያስተናግዱን ለኖሩ ሰው፣ የእኛ ድግስ አንዲት ጭልፋ መለየት አቃተው።

በማግስቱ ወደ አከራይዋ ሄጄ ነገሩን ሳስረዳ አላስተባበሉም። የአስተናጋጆቹን ኃላፊ አስጠርተው አጣሩና «ልጄ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ዕቃው ላይ ምልክት አድርገን አንድ ሰው ገበታው ላይ ማቆም ነበረብን» ብለው የሠላሳውን ሰው ሒሳብ በሙሉ መለሱልኝ። ብዙ አዳራሽ ጥፋቱን በአስተናጋጁ ላይ ጥሎ እጁን በሚታጠብበት ከተማ ይህ አክብሮት የሚገባው ሥራ ነው። ቢሆንም ውሉ ላይ የተጻፈ ነገር በዕለቱ የሚጠብቀው ሰው ከሌለ ወረቀት ሆኖ እንደሚቀር ስላየሁ፣ በዚህ አዳራሽ ለሙስሊም እንግዶች የሚደግስ ሰው ከዘመዱ መካከል አንዱን በዚያ ገበታ አጠገብ እንዲያቆም አጥብቄ እመክራለሁ።

በቀጣዩ ሳምንት ከአባቴ ጋር ሐጂ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ሐጂ «የሰው ስሕተት ነው፣ ልጄ» ብለው ቡና አስፈልተው ሸኙን። ታናሽ ወንድሜ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን ስለሚያገባ፣ ለእሱም ይህንኑ አዳራሽ ይዘናል፤ በምድር ላይ መሆኑ፣ ሒሳቡ ግልጽ መሆኑና ቡፌው አለመጉላላቱ ከሌሎቹ ስለሚያስበልጠው። የሙስሊሞቹን ገበታ ግን ከአዳራሹ ጋር ባደረግነው ውል ውስጥ አላስገባነውም፤ የሐጂ ባለቤት የሚያምኗት ወጥ ሠሪ የራሷን ድስትና ጭልፋ ይዛ ትመጣለች፤ አከራይዋም ከጓዳው አንዱን ክፍል ለእሷ ብቻ ሊለቁልን በጽሑፍ ተስማምተዋል።