እማዬን ፊደል ላስቆጠረች የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ

ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። ስሜን አትጻፍ ብላ ለምናኛለች። ስለዚህ እማዬ እንደምትጠራት «ቲቸር» ልበላት።

ቲቸር ዘጠኝ ዓመት ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ነበረች። መፈረም የማይችል ደንበኛ ሲመጣ የማህተሙን ቀለም የምታቀርበው እሷ ነበረች። «የእናቴ እኩዮች ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሲወጡ ማየት ሰለቸኝ» ብላኛለች። ለቀቀችና የጎልማሶች ትምህርት አመቻች ሆነች። ደሞዙ ከባንኩ ጋር አይወዳደርም። ዘመዶቿ አበደች አሉ።

እማዬ 58 ዓመቷ ነው፤ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። ሂሳቧ ግድግዳ ላይ በከሰል የተሰመረ ጭረት ነበር። ፊደል ጨርሶ አታውቅም ማለት ግን አይደለም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ተጀምሮ ወደ ገጠር ሲዘልቅ እነሱም መንደር ደርሶ ነበር። ከዚያ ተዳረች። ቤት ውስጥ የሚነበብ ነገር አልነበረምና ቀስ በቀስ ሁሉም ጠፋባት። ተማሪ ስንላት «ጭንቅላቴ ደርቋል» ትለን ነበር።

ቲቸር ቀድማ ያየችው ግን ዓይኗን ነው። ደብተሩን እያራቀች ስታይ «እትዬ፣ መጀመሪያ መነጽር ያድርጉ» አለቻት። ወስጄ አስለካኋት። የጭንቅላቱ ድርቀት ግማሹ እዚያው መነጽር ቤት ቀረ!

ትምህርቱ የተጀመረው በስሟ ነው፤ ቀጥሎ የሱቆቹ ስም፣ ቀጥሎ የዱቤ ደብተር። እማዬ «ሀ ሁ ሳይባል ምን ትምህርት አለ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። ሀ ሁም ኋላ መጣ፣ በቲቸር ዘዴ። ቡ ቀኝ ክንዷን ትዘረጋለች፣ ቢ ቀኝ እግሯን፣ ቤ እግሯ ላይ ቀለበት አጥልቃለች። እኔ ዲግሪ ይዤ ፊደሉን እንዲህ አይቼው አላውቅም።

መጀመሪያ ግን ቲቸርም አልቀናትም። ራሷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ሴቶቹን እንደ አንደኛ ክፍል ልጆች በአንድ ድምፅ ታስጮኻቸው ነበር። ሦስቱ ጥለው ወጡ። አንዷማ «ልጄ፣ እኔ ስድስት ልጅ አሳድጌአለሁ እኮ» አለቻት። ቤታቸው ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠይቃ መለሰቻቸው። ሰዓቱንም ወደ ማታ አዞረችላቸው፤ ቀን ቀን ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው። ሥራ ቀይራችሁ ወደዚህ ሙያ ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ ይህችን ልብ በሉልኝ። የባንኩ ልምድ ደግሞ ሜዳ ላይ አልቀረም። መስኮቱ ላይ ቀስ ብሎ የሚቆጥር ሰው መጠበቅ ለምዳለች፣ አትቸኩልም።

ማንበብ የማይችል ወላጅ፣ የቤት ሠራተኛ ወይም ጥበቃ ካላችሁ የወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የጎልማሶች ትምህርት የት እንደሚሰጥ ጠይቁ። ሰዓቱ ከሥራቸው ጋር መስማማቱን አደራ። ዓይናቸውንም አስመርምሩ።

ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልን። ዛሬ ጠዋት እማዬ ሱቅ የላከችኝ በወረቀት ነው። «ዘይት፣ ሽኩርት፣ ሳሙና» ይላል። ን ጎድላለች ብዬ ነገርኳት።

«ገብቶህ ገዝተህ መጥተህ የለ እንዴ?» አለችኝ።