«600 ዋት፣ ኦሪጅናል ቶሺባ» የተባለውን የአምፕሊፋየር ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) በገዛ እጃችሁ ለመሥራት ገንዘብ የምታጠራቅሙ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሰሞኑን በቴሌግራም «ሙሉ ዕቃ፣ 600 ዋት፣ ኦሪጅናል ቶሺባ፣ ከነትራንስፎርመሩ» የሚል ማስታወቂያ ይዘዋወራል። ገንዘቡ ቀድሞ ይገባል፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ መናኸሪያ ይደርሳል፣ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ያው ዕቃ እዚሁ ደሴ ውስጥ በችርቻሮ ሲሸጥም አይቻለሁ። እኔ ገዝቼዋለሁ፣ ኮምቦልቻ ያለ ወዳጄም ገዝቶታል፤ ለሁለታችንም የደረሰን ፎርጅድ ነው። የሻጩን ስም አልጠራም። የቻናሉን ስም በየጊዜው ስለሚቀያይር ስሙን ማወቃችሁ ብዙም አይጠቅማችሁም፤ ዕቃውን ለይታችሁ ማወቃችሁ ግን ያድናችኋል።

የወዳጄን ላስቀድም። እጁ የተባረከ ልጅ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ቴሌቪዥን ወይም ሪሲቨር ሲበላሽበት የሚሮጠው እሱ ጋ ነው። ቦርዱን ጥንቅቅ አድርጎ በየደ፣ ድምፁን የሚያጎሉትን ትራንዚስተሮች ከነሚካቸው (ኤሌክትሪክ ከማያሳልፈው ስስ ንጣፍ ጋር) ሙቀት በሚያስወጣው ብረት፣ በሂት ሲንኩ ላይ አሰረ፣ መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በማሲንቆ የተሠራ አምባሰል አጫወተበት። ጥሩ ነበር። ከፍ ሲያደርገው ግን «ጧ!» አለና ፊውዙ ሳይበጠስ የግራው ስፒከር ጨሰ። ነገሩ ግልጽ ነው፦ የፓወር ትራንዚስተር ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ይሆናል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ሳይቆጣጠር በቀጥታ ያሳልፋል፤ ያን ጊዜ የፓወር ሰፕላዩ 33 ቮልት ዲሲ በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ያርፋል። 33 በ33 ተባዝቶ ለ8 ኦም ሲካፈል 136 ዋት ይመጣል። ይህ ሁሉ ሙቀት ብቻ ሆኖ ቀጭኑን የስፒከር ጥቅልል ያነደዋል። ከዚህ የሚያድነው የስፒከር መከላከያ ሪሌይ (አደጋ ሲመጣ ስፒከሩን የሚያላቅቅ ማብሪያ ማጥፊያ) ደግሞ «ሙሉ ዕቃ» በተባለው ውስጥ ጭራሽ አልነበረም።

ሻጩ ሲደወልለት «ዕቃው ችግር የለበትም፣ አበያየድህ ነው» አለው። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም፣ ልጁንም ከቻናሉ አስወጣው። እኔን ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ወዳጄ ይህን ማመኑ ነው። መሣሪያውን ሰብስቦ ካርቶን ውስጥ ከተተና «ይሄ ነገር ለኔ አይሆንም» አለ። ስንቱ ልጅ በዚህ መንገድ በእጁ ላይ ያለውን እምነት እንደሚያጣ ሳስብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጥፋቱ የእጁ አልነበረም። ሰብረን፣ ለክተን አረጋግጠናል።

የተቃጠለውን ትራንዚስተር በፒንሳ ሰበርነው። በገበያ «5200 እና 1943» የሚባሉት ጥንዶች ሙሉ ስማቸው 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 ነው። የቶሺባ ሥሪት ሆነው 230 ቮልት፣ 15 አምፔር፣ 150 ዋት እንዲችሉ የተሠሩ ናቸው። ይህን ጉልበት የሚሸከመው ከጥቁሩ ፕላስቲክ ሥር መዳቡ ላይ የተጣበቀው ሲሊኮን ነው። ከአሮጌ የጃፓን አምፕሊፋየር የተነቀለ የሞተ 5200 ነበረን፤ እሱንም ጎን ለጎን ሰበርነው። የአሮጌው ሲሊኮን ሰፊ ነው፣ የመዳቡን መሃል ይዞታል። የአዲሱ ግን ከምስር ክክ አይበልጥም፤ ጎኑ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ላዩ ላይ የቶሺባ ስም አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ፊደሉ አለ። ውስጡ የትንሽ ትራንዚስተር ሲሊኮን ነው።

ይህ በሜትር ተራ ፈተና አይታወቅም። ሜትሩ የሚልከው ጥቂት ሚሊአምፔር ስለሆነ ፎርጅዱም ፈተናውን ያልፋል፤ የሚሞተው አምፔሩ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ለኩ። አንደኛው ኤችኤፍኢ ነው፤ ትራንዚስተሩ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ የሚያሳይ ቁጥር ነው። በቶሺባ አሠራር አር የሚል ፊደል ያለበት ከ55 እስከ 110፣ ኦ የሚል ያለበት ከ80 እስከ 160 መሆን አለበት። ለእኔ ከመጡት ውስጥ አንዱ ከ200 በላይ አነበበ፤ ጥንዱ ነው የተባለው 40 እንኳን አልሞላም። ሁለተኛው ልኬት ግን ይበልጥ ያስተማምናል፣ ዕቃውንም መስበር አያስፈልግም፦ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም) የሚለካ ሜትር ካላችሁ ቤዝና ኮሌክተር በሚባሉት ሁለት እግሮቹ መካከል ለኩት። ቶሺባ ያወጣው ሰነድ በ10 ቮልት ሲለካ ለ5200 200 ፒኮፋራድ፣ ለ1943 ደግሞ 360 ፒኮፋራድ ይላል። የእኛ ሜትር ያን ቮልት ስለማይሰጥ ንባቡ ከዚህም ከፍ ብሎ መምጣት አለበት። የእኔዎቹ 100 አልደረሱም። የሲሊኮኑ ስፋት ካነሰ ካፓሲታንሱም ያንሳል፤ ላዩ ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ይህን ሊደብቅ አይችልም። ጽሑፉን በአሴቶን ጠርጎ ማየት የሚባል ዘዴ አለ፤ አሁን ፎርጅዱም በሌዘር ስለሚጻፍ በእሱ አትተማመኑ።

ወደ «600 ዋቱ» ስንመጣ ሜትርም አያስፈልግም፣ የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል። ትራንስፎርመሩ 24-0-24 (ከመሃሉ ሽቦ በሁለቱም ወገን 24 ቮልት የሚሰጥ)፣ 5 አምፔር ነው ተብሎ ነው የሚሸጠው። 48 በ5 ሲባዛ 240 ቪኤ ይሆናል፤ ቪኤ ማለት ቮልት በአምፔር ሲባዛ የሚገኘው፣ ትራንስፎርመሩ የሚችለው ጉልበት ነው። 240 ቪኤ ከሚሰጥ ትራንስፎርመር 600 ዋት ያለማቋረጥ ሊወጣ አይችልም፤ የገባው ሳይኖር የሚወጣ የለም። እንቀጥል፦ ወደ ዲሲ ሲቀየር 24 በ1.414 ተባዝቶ የዳዮዱ ሲቀነስለት በየወገኑ 33 ቮልት ዲሲ ይሰጣል። ትራንዚስተሮቹ የራሳቸውን ድርሻ ሲወስዱ ስፒከሩ ጋ የሚደርሰው ጫፍ 30 ቮልት ገደማ ነው። 30 በ30 ተባዝቶ 900፣ ይህ ለ8 ኦም እጥፍ ማለትም ለ16 ሲካፈል 56 ዋት። በ4 ኦም ስፒከር በወረቀት ላይ 112 ይላል፣ ሰፕላዩ ጭነት ሲበዛበት ስለሚወርድ በተግባር ከዚያ ያንሳል። ንጹህ 56 ዋት ለአንድ ሳሎን ከበቂ በላይ ነው፣ ቤት ያናውጣል። የምቃወመው 56 ዋቱን ሳይሆን በ600 ስም የተወሰደውን ገንዘብ ነው። ቁጥር ሲነግሯችሁ «አርኤምኤስ (ያለማቋረጥ የሚሰጠው ዋት) ነው? በስንት ኦም?» ብላችሁ ጠይቁ። «ፒኤምፒኦ ነው» ካሏችሁ እሱ ለቅጽበት ብቻ ይወጣል የሚባል የማስታወቂያ ቁጥር ነው፣ ወጥታችሁ ሂዱ።

ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ፣ ምክንያቱም ሰው ይጎዳሉ። ላያቸው ላይ «10,000 ማይክሮፋራድ፣ 63 ቮልት» ይላል። ሲለካ ግማሹም የለም። የላስቲክ ልባሱን በምላጭ ስቀደው ከሥሩ ሌላ ልባስ ወጣ፤ «4,700 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት» ይላል። በአሮጌው ላይ አዲስ ልባስ አልብሰውበታል ማለት ነው። አሁን የእኛን መብራት አስቡት። ማታ ሰው ሲተኛ፣ ጭነት ሲቀንስ 220 የነበረው 240 ሲደርስ 24 ቮልቱ 26 ይሆናል፤ በ1.414 ሲባዛ 37 ይጠጋል። ሙዚቃ በማይጫወትበት ሰዓት ደግሞ ትራንስፎርመር ከተጻፈበት ከፍ አድርጎ ነው የሚሰጠው። 35 ቮልት ብቻ የሚችል ካፓሲተር ይህን ሲሸከም ይሞቃል፣ ጭንቅላቱ ያብጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ልጆች በሚሯሯጡበት ቤት ውስጥ ይህን ማስቀመጥ በሕይወት መጫወት ነው፤ የሚሸጠው ሰው ይህን ያውቃል፣ ባያውቅ ኖሮ ልባስ አይደርብበትም ነበር።

ትራንስፎርመሩን ለማወቅ ሚዛንና ምላጭ ይበቃል። ዶናት ቅርጽ ያለው 300 ቪኤ ትራንስፎርመር 2.5 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ 240 ቪኤ የተባለው ከዚህ ትንሽ ይቀንስ እንጂ በአንድ ጣት የሚንጠለጠል መሆን የለበትም። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቁት። መዳብ ከሆነ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። የእኔው ላዩ ቀይ ቀለም ሆኖ ሲፋቅ ነጭ ወጣ፣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ለተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ 1.6 እጥፍ ያህል የሚበልጥ ሬዚስታንስ አለው፤ ስለዚህ ባስ ሲመታ ቮልቱ ይወርዳል፣ ትራንስፎርመሩም ይግላል። በመዳብ ሒሳብ አሉሚኒየም መሸጥ ሌላ ስም የለውም፣ ማጭበርበር ነው።

ስለ ሂት ሲንኩም አንድ ነገር ልበል። ከጥቅሉ ጋር የሚመጣው ስስ ቆርቆሮ ለየትኛውም ከተማ አይበቃም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ብርዱ ያግዘናል ብሎ የሚያስብ አለ፤ ነገር ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል። ኮምቦልቻ ዝቅ ትላለች ግን ሞቃት ናት። ሁለቱም ጋ ክንፎቹ ረጃጅም የሆኑ ወፍራም አሉሚኒየም ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን ይገዛ ለምትሉኝ፣ እኔ በጥቅል አትግዙ እላለሁ። ትራንዚስተሩን ለብቻ፣ ካፓሲተሩን ለብቻ፣ ትራንስፎርመሩን ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ ግዙ። ሜትራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መለካት የሚከለክል ሻጭ ጋ ገንዘባችሁን አታስቀምጡ። ከሞተ የጃፓን አምፕሊፋየር የተነቀለ ደህና ትራንዚስተር «አዲስ» ከሚባለው ፎርጅድ እጅግ ይሻላል፤ ጥገና ቤቶች ጋ ጠይቁ፣ የሚጥሉትን ጭምር ያሳዩአችኋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ኤልኤም3886 የሚባለውን ቺፕ አስቡበት፤ በየወገኑ 28 ቮልት በሚሰጥ ሰፕላይ በ4 ኦም 68 ዋት ይሰጣል፣ የራሱ መከላከያ በውስጡ አለው። ፎርጅዱ እሱም ላይ ስላለ ከምታምኑት ሰው ግዙ።

ገዝታችሁ ከጨረሳችሁና ተሠርቶ ካለ በቀጥታ ሶኬት ላይ አትሰኩት። የድሮውን ባለ ክር አምፖል፣ ከ60 እስከ 100 ዋት ያለውን፣ በአንዱ የመብራት መስመር መሃል በሴሪ አስገቡ፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ ወዲያው ንቀሉት። ስፒከር ሳታገናኙ የመውጫውን ዲሲ ለኩ፤ ከ50 ሚሊቮልት በላይ ከሆነ ስፒከሩ አይነካው።

ስለ መብታችሁም ላስታውሳችሁ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰውም በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ሱቁ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ስለተለጠፈ ዝም ብላችሁ አትመለሱ፤ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ውሰዱት። በቴሌግራም የገዛችሁ ማስታወቂያውን፣ የተጻጻፋችሁትንና የከፈላችሁበትን መልእክት ሳይጠፋ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ፤ እኔና ወዳጄ አሁን እያሰባሰብን ያለነው ይህንኑ ነው። ካርቶኑንም አትጣሉ። ዕቃው ገና በእጃችሁ ላይ ካለ ደግሞ ትራንዚስተሩንና ካፓሲተሩን ሳትለኩ አንዲት እግር እንኳን እንዳትበይዱ፤ አንዴ የተበየደ ዕቃ ይዛችሁ ስትሄዱ ሻጩ «አንተ ነህ ያቃጠልከው» የሚለውን መልስ አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃችሁ።